የነጠላ ጥላ ምን ዓይነት ቀለም አለው?

ስለ ኢምፕረሽኒስት ሥዕል፣ ማለትም በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ስለተነሣው የሥዕል ስልት፣ ለጀማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስብሰባው ላይ ላልተገኛችሁ ይጠቅማል በሚል፣ በቃል እንደተናገርኩት ሳላሳጥር አስፍሬዋለሁ።

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥዕል ወዳጆች፣ በተለይም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥዕል ንግግር ለመስማት የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችሁም ብዙ ጉዳይ እንዳለባችሁ ዐውቃለሁ፤ ያን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁም ይቅርታ አድርጉልን፤ ሆኖም የቆማችሁበት ቦታ ለዛሬው ጉዳያችን ከፊተኛው ወንበር የተሻለ መሆኑን ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ ነጠላ የለበሳችሁ እናቶችና እኅቶች አላችሁ። ነጠላ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ነጭ ነው ትሉኛላችሁ። መልካም። እንግዲያው ነገ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ነጠላ የለበሰ ሰው ተመልከቱ። መጀመሪያ ፀሐይ ያረፈበትን ትከሻ እዩ፤ ከዚያም ዐይናችሁን ወደ እጥፋቱ ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ ወዳልደረሰችበት ሥፍራ አሻግሩ። እዚያ ያለው ቀለም ምንድን ነው? ነጭ ነው? ግራጫ ነው? ወይስ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው?

ይህን ጥያቄ የማቀርብላችሁ እኔ ራሴ ለዓመታት ተሳስቼበት ስለነበር ነው። ሥዕል መማር በጀመርኩ ሰሞን እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም ሣልኳት። ነጠላዋን በነጭ ቀባሁት፤ ለእጥፋቶቹ ጥላ ደግሞ ነጩን ከጥቁር ጋር አደባልቄ ግራጫ አደረግኩ። ጥላ ማለት ጨለማ ነው፣ ጨለማም ጥቁር ነው ብዬ አስብ ነበርና። ሥዕሉን ሳሳያት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችውና፣ «ልጄ፣ ነጠላዬን ምነው አሳደፍከው?» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። እርሷ ስለ ቀለም አዋሃድ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የራሷን ነጠላ ታውቀዋለች፤ አጥባ ያሰጣችው ነጠላ በጥላ ውስጥም ቢሆን ንጹሕ ነው። የእኔ ነጠላ ግን ያደፈ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በበረዶ የተሸፈነ ግቢ ሥሎ በጥላው ላይ ያኖረውን ሰማያዊ ባየሁ ጊዜ ነው። ወደዚያ ሥዕል እመለሳለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው። ኢምፕረሽኒስቶች መሣል የማይችሉ፣ ወይም ሥራቸውን ሳይጨርሱ የተዉ ሰዎች አልነበሩም። አእምሮአችን «ይህ ነጠላ ነው፣ ስለዚህ ነጭ ነው» ብሎ ከመወሰኑ በፊት ዐይናችን ያየውን ለመያዝ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ይህን በሦስት ነጥብ አስረዳለሁ፤ አንደኛ ምን ዓይነት ሥርዐት ውስጥ ተነሡ፣ ሁለተኛ ምን አገዛቸው፣ ሦስተኛና ዋናው ደግሞ ሥዕሎቻቸውን እኛ እንዴት እንመልከታቸው የሚል ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ አንድ ሠዓሊ ስም የሚያገኝበት፣ ሥራውንም የሚሸጥበት በር በአብዛኛው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳሎን የሚባለው ትልቁ ዐውደ ርእይ ነው። ሳሎን ስል የቤታችንን የእንግዳ መቀበያ ማለቴ አይደለም፤ ስሙ የመጣው ዐውደ ርእዩ ቀድሞ ይካሄድበት ከነበረው የሉቭር ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው። ወደዚያ የሚገባውን ሥዕል የሚመርጡት ዳኞች የሥነ ጥበብ አካዳሚው ሰዎችና የእነርሱ ባልንጀሮች ነበሩ። የሚያከብሩት ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከጥንት ታሪክና ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ትልልቅ ትዕይንት ነው፤ ተራ የገበሬ ማሳ ወይም የወንዝ ዳር ከደረጃው ዝቅ ያለ ነበር። ሥዕሉ በስቱዲዮ ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ላዩም የብሩሽ ዱካ እስከማይታይበት ድረስ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ከዚህ የወጣ ሥራ አልተጨረሰም ይባል ነበር። «አልተጨረሰም» የሚለውን ቃል አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1863 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ዳኞቹ የመለሱት ሥራ እጅግ ስለበዛ አቤቱታው እስከ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ደረሰ፤ እርሱም ለተመለሱት ሥዕሎች የተለየ ማሳያ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ኤዱዋር ማኔ «የመስክ ላይ ምሳ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ሥዕሉን ያሳየው እዚያ ነው። ሕዝቡ ለመሳቅ ይጎርፍ ነበር። ነገር ግን ከሚስቁት መካከል የማይስቁ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። ክሎድ ሞኔ፣ ኦጉስት ሬኗር፣ አልፍሬድ ሲስሌና ፍሬደሪክ ባዚይ በአንድ መምህር ስቱዲዮ የተዋወቁ ጓደኞች ናቸው። ባዚይ ከእነርሱ በገንዘብ የተሻለ ስለነበር ሥዕላቸውን በመግዛትና የሚሠሩበትን ክፍል በማካፈል ይረዳቸው ነበር። ነፃ ዐውደ ርእይ በራሳችን እናዘጋጅ የሚለውን ሐሳብ አስቀድመው ካነሡት አንዱም እርሱ ነው፤ ሆኖም በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ዘምቶ በ28 ዓመቱ ወደቀ። ሐሳቡ ሲፈጸም አላየም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ የቀሩት ሥዕሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሆኖም የደቡብ ፈረንሳይን ፀሐይ እንዴት እንደሚያውቀው ይናገራሉ።

ያ ዐውደ ርእይ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ ወር 1874 ተከፈተ። ቦታው ናዳር የተባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ የለቀቀው ስቱዲዮ ሲሆን፣ አድራሻው ቡልቫር ደ ካፑሲን ቁጥር 35 ነው። ሠላሳ ያህል ሠዓልያን በማኅበር ተሰብስበው፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ሽልማት፣ አንድ ፍራንክ መግቢያ እያስከፈሉ ሥራቸውን አሳዩ። ለአንድ ወር በቆየው ዝግጅት የመጣው ሰው 3,500 ገደማ ብቻ ነበር። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ ባደገበት በለ አቭር ወደብ የሣለው ነው፤ ጭጋግ የሸፈነው ውኃ፣ ሁለት ሦስት ጀልባ፣ ከግራጫው ሰማይ ላይ እንደ ፍም የቀላች ትንሽ ፀሐይ። ለዐውደ ርእዩ የሥዕሎች መዝገብ ርእስ ሲጠየቅ «ኢምፕረሽን፣ የፀሐይ መውጫ» አለው። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ ለ ሻሪቫሪ በተባለው የፌዝ ጋዜጣ ላይ ያንን ቃል ይዞ፣ ገና በጅምር ላይ ያለ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ከዚህ የባሕር ሥዕል ይልቅ የተጨረሰ ነው ብሎ ጻፈ። ለጽሑፉ የሰጠው ርእስም «የኢምፕረሽኒስቶች ዐውደ ርእይ» የሚል ነበር። ስሙ በስድብ መጣ፤ እነርሱም በሦስተኛው ዐውደ ርእያቸው፣ በ1877፣ ተቀብለው ራሳቸው ተጠሩበት።

እስቲ ቃሉን እንመርምረው። ኢምፕረሽን ምን ማለት ነው? በፈረንሳይኛ ማኅተም በሰም ላይ ሲያርፍ የሚተወው ምልክትም፣ ያዩት ነገር በልቡና የሚተወው ምልክትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ወደ እኛ ቋንቋ ሳመጣው «አሻራ» የሚለው ይቀርበኛል። ሞኔ «ይህ የለ አቭር ወደብ ነው» አላለም፤ «ይህ በዚያች ማለዳ ወደቡ በዐይኔ ላይ የተወው አሻራ ነው» ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታየን? የመጀመሪያው ስለ ወደቡ ይናገራል። ሁለተኛው ስለ አንዲት ማለዳ ይናገራል፤ ማለዳ ደግሞ አይቆይም። ቶሎ ካልሠራህ ያመልጥሃል። ለዚህ ነው ብሩሹ የሚፈጥነው፤ ለዚህ ነው ዱካው የማይለሰልሰው።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ምን አገዛቸው? ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ድፍረታቸው ነው፤ እኔ ግን ስለ አንዲት የብረት ቱቦ ልንገራችሁ። ቀድሞ የዘይት ቀለም በስቱዲዮ ይፈጭና በአሳማ ፊኛ ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ ነበር፤ ፊኛው በሚስማር ይበሳል፣ ቀለሙ ይጨመቃል፣ ከተበሳ በኋላ ግን በደንብ አይዘጋምና ይደርቃል። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም የሚያዝበትን ክዳን ያለው የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ፤ ዛሬ የጥርስ ሳሙና የምትጨምቁበት ዓይነት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሠዓሊው ቀለሙን በሣጥን፣ ሸራውን በትከሻ ይዞ ውጭ መዋል ቻለ። ባቡሩም መጣ፤ ከፓሪስ ተነሥቶ ሞኔ ወደኖረባት ወደ አርዣንቴይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃ ነበር። ኬሚስቶችም እንደ ኮባልት ሰማያዊና እንደ ክሮም ቢጫ ያሉ አዳዲስ ደማቅ ቀለሞችን አቀረቡ።

ከሁሉም የምወደው ግን የሼቭረልን ታሪክ ነው። ሼቭረል የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ በፓሪስ የጎብላን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር በሰማያዊ አጠገብ ሲሸመን ጥቁረቱ ደከመ የሚል ስሞታ መጣበት። መረመረው። ክሩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም! ችግሩ ጎረቤቱ ነው። አንድ ቀለም ከጎኑ በተቀመጠው ቀለም ምክንያት መልኩ ይለወጣል፤ ቀይ ከአረንጓዴ አጠገብ ይጋጋላል፣ ብርቱካናማ ከሰማያዊ አጠገብ ያበራል። ይህን በ1839 በመጽሐፍ አሳተመው። ጥበብ የሚጥሉ ሸማኔዎቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ የትኛው ክር ከየትኛው ጎን ቢውል እንደሚደምቅ ጠይቋቸው። አሁን ወደ ለ አቭሯ ፀሐይ ተመለሱ፤ ያቺ ትንሽ ብርቱካናማ ክብ ያን ያህል የምትፋጀው ዙሪያዋን ያለው ሁሉ ሰማያዊ ግራጫ ስለሆነ ነው።

ከጃፓን የመጡ የእንጨት ቅርጽ ህትመቶችም፣ ፎቶግራፍም ድርሻ ነበራቸው፤ ጊዜ ስለሚያጥረን አልፋቸዋለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ፤ እንዴት እንመልከታቸው? እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቆዩ።

ጥላን በማየት እንጀምር። ቅድም ያልኳችሁ የበረዶ ሥዕል ሞኔ ከ1868 እስከ 1869 ባለው ክረምት የሣለው ነው። በበረዶ የተሸፈነ መስክ፣ የእንጨት አጥር፣ በመዝጊያው ላይ ያረፈች አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ። ከአጥሩ ሥር በበረዶው ላይ የተዘረጋው ጥላ ግን ሰማያዊ ነው። ለምን? ፀሐይ በቀጥታ ያልደረሰችበት ሥፍራ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ይኸው ነው። የሳሎን ዳኞች ይህን ሥዕል በ1869 መለሱት። እኔ ቅጂውን ያየሁ ዕለት ግን የእናቴ ነጠላ ትዝ አለኝና ወደ ቤት ሄጄ የድሮ ሥዕሌን አወጣሁ። ጥላው ከሰማይ ምንም አልተቀበለም፤ በጥቁር ታፍኖ ሞቷል። እናቴ ትክክል ነበረች።

ይህ ማለት ኢምፕረሽኒስቶች ጥቁር ጨርሶ አልነኩም ማለት አይደለም፤ ማኔም ሬኗርም ጥቁርን ይወዱ ነበር። ቁም ነገሩ ጥላን ከልማድ ተነሥተው በጥቁር አለመሸፈናቸው ነው። በዚህም ብዙ ተሰደቡ። በ1876 ሬኗር ዛፍ ሥር ያለች ሴት ሥሎ አሳየ፤ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ የወረደው ብርሃን በገላዋ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥላ ጥሎባታል። አንድ የጋዜጣ ሐያሲ የበሰበሰ ሥጋ ይመስላል ብሎ ጻፈ። እስቲ ዋርካ ሥር የተቀመጠ ሰው አስታውሱ፤ ፊቱ ላይ ብርሃኑ አይዥጎረጎርም? ቅጠሉ አረንጓዴውን አይጥልበትም? ሐያሲው ያንን ሳያይ ኖሮ ይሆን? አይመስለኝም። ዐይኑ አይቶታል፤ አእምሮው ግን «ገላ እንዲህ አይደለም» ብሎ ቀድሞ ፈርዷል።

ቀጥሎ ርቀት። እነዚህን ሥዕሎች አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ብታዩ የምታገኙት የቀለም ጭረት ብቻ ነው፤ አንዱ ጋድም፣ አንዱ ነጠብጣብ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። ሞኔና ሬኗር በ1869 ሰይን ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ቆመው አንድ መታጠቢያ ሥፍራ ሣሉ፤ ውኃውን የሠሩት አግድም በተጣሉ አጫጭር ጭረቶች ነው፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ። በቅርብ ጭቃ ይመስላል። ወደ ኋላ አምስት ስድስት እርምጃ ስትሉ ግን ውኃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሥዕሉን የሚጨርሰው የእናንተ ዐይን ነው። «አልተጨረሰም» የሚለውን ቃል ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር፤ ዳኞቹ ያንን ቃል ሲጠቀሙ ለተመልካቹ ዐይን የተተወውን ሥራ ከጉድለት ቆጥረውት ነበር።

አሁን ስለ ክምሮቹ ልናገር። ሞኔ ከ1883 ጀምሮ ዢቬርኒ በምትባል መንደር ኖረ። በ1890 እና በ1891 ከቤቱ አጠገብ ባለ ማሳ ላይ የቆሙ ክምሮችን ደጋግሞ ሣለ፤ 25 ያህል ሥዕል ወጣው። በአንድ ቀን ብዙ ሸራ ይዞ ይወጣል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራውን ይለውጣል፣ በማግሥቱ ያው ብርሃን ሲመለስ ወደ ያኛው ሸራ ይመለሳል። ክምሩ አንድ ነው፤ ብርሃኑ ግን በበጋ ማምሻ፣ በአመዳይ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ ይለያያል።

ከእነዚህ የአንዱን ቅጂ አንድ ጊዜ ለአባቴ አሳየኋቸው። አባቴ ሥዕል የማየት ልምድ አልነበራቸውም፤ ያደጉት እርሻ ላይ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን ይዤ «የሣር ክምር ነው» ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «ሣር? ይህማ ነዶ ነው። የእህል ክምር ነው» አሉኝ። አናቱን በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «አየህ፣ አናቱን አሹሎ ከድኖታል፤ ዝናብ አያስገባም። የከመረው ሰው ዐዋቂ ነው» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አዩትና፣ «ፀሐይዋ ልትገባ ነው፤ ከብቱ የሚገባበት ሰዓት ነው» አሉኝ። በኋላ ሳጣራ እውነት የስንዴ ነዶ ነው፤ ስሙን ያሳሳተው የእንግሊዝኛው ትርጉም ነበር። በእኛ ቋንቋ ድርቆሽና ነዶ ተለያይተው እያሉ እኔ በሰው ቋንቋ ተመርቼ አደባለቅኳቸው።

ይህን ከሌላ ታሪክ ጋር አስተያዩልኝ። በ1896 ሞስኮ ውስጥ ከእነዚሁ ክምሮች አንዱ ለእይታ ቀርቦ ነበር። ቫሲሊ ካንዲንስኪ የተባለ ወጣት ሩሲያዊ የሕግ ምሁር አየውና ምን እንደሆነ መለየት አቃተው፤ ክምር መሆኑን ያወቀው ከመዝገቡ አንብቦ ነው። ቀለሙ ግን ከአእምሮው አልወጣ አለ። ያ ሰው ሕጉን ትቶ ሠዓሊ ሆነ፤ ጊዜውን ጠብቆም ምንም የሚታወቅ ነገር የማይሣልበትን የረቂቅ ሥዕል መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ። አንድ ሥዕል ነው፤ ለአባቴ ሰዓቱ ሳይቀር የሚነበብበት ማሳ፣ ለካንዲንስኪ ነገሩ የጠፋበት ቀለም ሆነ። የትኛው በትክክል አየ? እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም፤ በሻይ ሰዓት ሐሳባችሁን ንገሩኝ።

ሁሉም እንደ ሞኔ ነበሩ ብላችሁ ግን እንዳትሄዱ። ኤድጋር ዴጋ ሜዳ ላይ ሸራ መትከልን አይወድም ነበር፤ የእርሱ ዓለም የባሌ ዳንሰኞች ልምምድ፣ የፈረስ ውድድርና የመድረክ መብራት ነው። በርት ሞሪዞ በ1874ቱ ዐውደ ርእይ ያቀረበችው አንዲት እናት የተኛ ሕፃኗን በስስ መጋረጃ በኩል ስትመለከት የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ያን መጋረጃ ስታዩ ነጭ ስንት ቀለም እንዳለው ይገባችኋል። በዚያ ዘመን የመንግሥቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር፤ በሩን የከፈተው በ1897 ነው፣ ሞሪዞ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ። ካሚይ ፒሳሮ ደግሞ በካሪቢያን ደሴት የተወለደ፣ ብዙ ልጆች በድህነት ያሳደገ ታጋሽ ሰው ነበር፤ ቡድኑ እስከ 1886 ባካሄዳቸው ስምንት ዐውደ ርእዮች ሁሉ ሥራውን ያሳየ እርሱ ብቻ ነው። እንጀራቸውን ያሻገረላቸው ነጋዴ ፖል ዱራን-ሩኤል ነው፤ ገዢ በሌለበት ጊዜ እየገዛ ለኪሣራ ቀርቦ ነበር፤ በ1886 ሥዕሎቹን ኒው ዮርክ ወስዶ ካሳየ በኋላ ገበያው ተከፈተ።

ሞኔ በእርጅናው ዐይኑን የሞራ ግርዶሽ ያዘው። ለሃምሳ ዓመት በዐይኑ ብቻ የኖረ ሰው ቀለም ይደበላለቅበት ጀመር፤ ቱቦዎቹን በስማቸው እያነበበ ይለያቸው ነበር። በ1923 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያ ሁሉ መካከል በግቢው ኩሬ ላይ ያሉትን የውኃ አበቦች መሣሉን አላቆመም። በታኅሣሥ 1926 ሞተ፤ ለአገሩ የሰጣቸው ግዙፍ የአበባ ሥዕሎች በ1927 በኦራንዠሪ ሙዚየም ሁለት ሞላላ አዳራሾች ውስጥ ለሕዝብ ተከፈቱ። ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው መሐላቸው ይቆማል እንጂ ፊታቸው አይቆምም።

እንግዲህ ንግግሬን እዚህ አቆማለሁ፤ ቀሪው በዐይን የሚሆን ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ስምንት ቅጂዎች ሰቅያለሁ። ቅጂ መሆናቸውን አትርሱ፤ የቀለሙ ውፍረት አይታይባቸውም፣ ርቀቱ የሚያደርገውን ግን በጥቂቱ ያሳያሉ። ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከኋላ የቆማችሁ ባላችሁበት ቆዩ። መጀመሪያ ከሩቅ እዩ፣ ቀጥላችሁ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ፣ ሥዕሉ ፈርሶ ቀለም ብቻ የሚሆንባትን እርምጃ ስታገኙ ቁሙ። የበረዶው ሥዕል ከበሩ በስተግራ ያለው ነው። ከእርሱ እንጀምር።